የቀዘቀዘ ልብ ታሪክ፦ የዓሣ ልብ በብርድ ለምን ይመታል? የሰው ልብ ግን ለምን ይቆማል?

መግቢያ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ላፍቶን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያመራል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ከሚባልበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ በጠራ ቁጥር የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሁለት ልቦችን ጎን ለጎን ማሰብ ይቻላል። አንደኛው በደጋ ወንዝ ውስጥ የሚኖር የትንሽ ዓሣ ልብ ነው። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ በአንድ ቤት ውስጥ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ልብ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ልብም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ምቱን ይቀንሳል እንጂ ሥራውን አያቋርጥም። የሕፃኑ የሰውነት ሙቀት ግን በጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢወርድ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሁለቱም ልቦች ከጡንቻ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም በካልሲየም ይኮማተራሉ፤ የሚጠቀሙባቸው ፕሮቲኖችም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ይህ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ከተነሣ አራት መቶ ዓመታት ሊሞሉት ነው። ከጥያቄው ጋር የታገሉት ሰዎች መልሱን ሙሉ በሙሉ ከማግኘታቸው በፊት የልብ ቀዶ ሕክምናን፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያን (ፔስሜከርን) እና በደም ሥር የሚሰጡ ፈሳሾችን ለሕክምናው ዓለም አበርክተዋል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ጉዞ በአጭሩ እየተከተለ፣ የተገኘው እውቀት ዛሬ በአዲስ አበባ ለሚሠራ ሐኪም ምን ትርጉም እንዳለው ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሃርቪ ዓሣና የሃርቪ ርግብ

ለረጅም ዘመናት ልብ የሰውነት ምድጃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አርስቶትል የተፈጥሮ ሙቀት መነሻው ልብ እንደሆነ አስተምሯል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ጋለንም በብዙ ነገር ቢለየውም ሙቀትንና ልብን አላለያየም። በዚህ አመለካከት መሠረት ቀዝቃዛ ልብ ማለት የሞተ ልብ ማለት ነበር።

ይህን አመለካከት በተግባር የፈተነው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ የደም ዝውውርን ያስረዳበትን መጽሐፍ በ1628 ሲያሳትም፣ መጀመሪያ የገጠመውን ችግር ሳይደብቅ ጽፏል። የሞቃት ደም እንስሳት ልብ እጅግ ፈጥኖ ስለሚመታ፣ መቼ እንደሚኮማተርና መቼ እንደሚላላ በዓይን ለመለየት ተቸግሮ ነበር፤ እንዲያውም የልብን እንቅስቃሴ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቀው የለም ወደሚል ሐሳብ አዘንብሎ እንደነበር ተናግሯል። መፍትሔ ያገኘው ፊቱን ወደ ቀዝቃዛ ደም እንስሳት ሲመልስ ነው። እንቁራሪት፣ እባብ፣ ትናንሽ ዓሦች፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ልባቸው በዝግታ ስለሚመታ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለይቶ ለመመልከት አስችለውታል። የደም ዝውውር ግኝት በከፊል የዓሣና የእንቁራሪት ውለታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቀረቡ ሁለት ትዝብቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ የሚመለከት ነው። ሃርቪ የኢልን ልብ ከአካሉ አውጥቶ ሲመለከተው መምታቱን አላቆመም፤ በተቆራረጠ ጊዜም እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሲኮማተርና ሲላላ ታይቷል። ሁለተኛው ርግብን የሚመለከት ነው። የርግቧ ልብ ጸጥ ካለ በኋላ ሃርቪ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ሙቀቱ ሳይለየው በልቡ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢያሳርፍበት፣ ልቡ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሁለቱ ትዝብቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጥያቄው መልክ ይታያል። የዓሣው ልብ ከአካሉ ተለይቶ፣ ያለ ሙቀት ሥራውን ይቀጥላል። የሞቃት ደም እንስሳ ልብ ግን ሥራውን ለመቀጠል ሙቀት ይለምናል። ሃርቪ የዚህን ምክንያት ለመመርመር የሚያስችል መሣሪያም ሆነ የኬሚስትሪ እውቀት በዘመኑ አልነበረውም። ጥያቄው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ መልስ ሳያገኝ ቆየ።

የቧንቧው ውሃ

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በለንደን ነው። ሐኪሙ ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከእንቁራሪት ያወጣውን ልብ በጨው ውሃ ውስጥ እያቆየ የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን ተጽዕኖ ያጠና ነበር። በ1882 ባወጣው ሪፖርት በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ ተራ ጨው ልቡን ለረጅም ጊዜ እንደሚያሠራው ገለጸ። ብዙም ሳይቆይ ግን የተሠራበት ፈሳሽ የተዘጋጀው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በከተማው የቧንቧ ውሃ እንደነበር ተረዳ። በእውነተኛ የተጣራ ውሃ ሲሞከር ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ። በ1883 ሪንገር ስህተቱን አርሞ ምክንያቱን አሳወቀ፦ የለንደን የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ነበረበት፤ ልቡን ሲያሠራ የነበረውም ይኸው ካልሲየም ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ ልቡ እንደላላ መቆሙን ተመለከተ።

ይህች በስህተት የተገኘች እውነት ሁለት ፍሬ አፍርታለች። አንደኛው፣ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚንጠለጠለው የሪንገር ላክቴት ከረጢት መነሻው ይህ ሙከራ ነው። ሁለተኛው፣ የልብ ምት ነገር ከሙቀት ይልቅ የአዮኖች ነገር መሆኑ ታወቀ። ካልሲየም ያኮማትራል፤ ፖታሲየም ሲበዛ ያቆማል። የኋላ ዘመን የልብ ቀዶ ሐኪሞች የተመረኮዙት በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ላይ ነው።

ሪንገር የሠራው በእንቁራሪት መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም። የእንቁራሪትም ሆነ የብዙ ዓሦች የልብ ጡንቻ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ፣ በውስጡ ከሚያልፈው ደም ወይም ፈሳሽ በቀጥታ ኦክስጅንና ምግብ ያገኛል። የአጥቢ እንስሳ ልብ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከገዛ ራሱ ደም ቅዳዎች ካልተመገበ ይሞታል። ጀርመናዊው ኦስካር ላንገንዶርፍ በ1895 የአጥቢ እንስሳን ልብ ከአካሉ ውጭ ለማሠራት የቻለው፣ ፈሳሹን በግፊት ወደ ልቡ ደም ቅዳዎች በማስገባትና ሙቀቱን እንደ ሰውነት ሙቀት በመጠበቅ ነው። የአጥቢ ልብ ከዓሣ ልብ ይልቅ እጅግ ብርቱ ቢሆንም፣ ለብርታቱ የሚጠይቀው ዋጋም የዚያኑ ያህል ከፍ ያለ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ብርድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የልብ ቀዶ ሕክምና አንድ ትልቅ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ልብን ለመክፈት ደሙን ማስቆም ያስፈልጋል፤ ደሙ በቆመ በአራትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን አንጎል ይጎዳል። በዚህ ጊዜ ነው አንዳንድ ሐኪሞች ብርድን እንደ መሣሪያ ማየት የጀመሩት።

የብርድ ምርምር ታሪክ አሳፋሪ ገጽም አለው። በ1942ና በ1943 በዳኻው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ሐኪሞች እስረኞችን በበረዶ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፉ «ጥናት» አካሂደዋል፤ ብዙዎቹም በዚያው ሞተዋል። ይህ ወንጀል በኑረምበርግ ችሎት ታይቶ፣ በ1947 በወጣው የኑረምበርግ ደንብ ላይ የተመራማሪው የመጀመሪያ ግዴታ የሰውየው ፈቃድ መሆኑ ተጻፈ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መዝገቦቹ ሲመረመሩ ደግሞ «ጥናቱ» በሳይንስ ሚዛንም ቢሆን የማይታመን ሆኖ ተገኝቷል። ለሕክምናው ዓለም የጠቀመው እውቀት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ካናዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዊልያም ቢግሎው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቶሮንቶ ባደረገው ምርምር፣ የውሻ ሰውነት ሲቀዘቅዝ መንቀጥቀጡ በማደንዘዣ ከተገታ የኦክስጅን ፍጆታው ከሙቀቱ ጋር አብሮ እንደሚወርድ አሳየ። ውጤቱን በ1950 አሳተመ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ የቀዘቀዘ አካል ያለ ደም ዝውውር ከሞቀው አካል የበለጠ ይታገሳል። ቢግሎው በበረዶ ወራት ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛውን ግራውንድሆግ የተባለ እንስሳም አጥንቷል። የዚህ እንስሳ ሰውነት እጅግ ቢቀዘቅዝም ልቡ አይቆምም። ቢግሎው ከእንስሳው አካል ምሥጢሩን የሚገልጽ ኬሚካል ያገኘ መስሎት ስም እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ኬሚካሉ ከላስቲክ ቱቦ የወጣ የፕላስቲክ ማለስለሻ ሆኖ ተገኘ። የሪንገር ስህተት ካልሲየምን ሲሰጥ፣ የቢግሎው ስህተት ትሕትናን ብቻ ሰጠ።

ሆኖም ከዚሁ የብርድ ምርምር ያልተጠበቀ ስጦታ ተገኝቷል። አንድ ቀን በቀዘቀዘ ውሻ ላይ ሲሠራ ልቡ በድንገት ቆመ። ቢግሎው በመሣሪያ ነካ ሲያደርገው ልቡ አንድ ጊዜ ተኮማተረ፤ ደጋግሞ ሲነካው ደጋግሞ መታ። ከዚህ በመነሣት ከባልደረባው ከጆን ካላገንና ከኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ከጆን ሆፕስ ጋር በኤሌክትሪክ ልብን የሚያነቃ መሣሪያ ተሠራ። የዛሬው ፔስሜከር ከዚህ የዘር ሐረግ ይመዘዛል።

መስከረም 2 ቀን 1952 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሉዊስ የተባለ ሐኪም ከነባልደረቦቹ የአንዲት አምስት ዓመት ሕፃን ሰውነት ወደ 28 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዞ፣ ወደ ልቧ የሚገባውን ደም ለአምስት ደቂቃ ተኩል አስቁሞ፣ በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረውን ቀዳዳ ሰፋ። ልጅቷ ዳነች። ልብ ተከፍቶ በዓይን እየታየ የተደረገ የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ሕክምና ይህ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት 6 ቀን 1953፣ ጆን ጊበን በልብና ሳንባ ማሽን የመጀመሪያውን የተሳካ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከዚያ በኋላ ማሽኑና ብርዱ ተጣመሩ።

ብርዱ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። የሰው ሰውነት ከ28 ዲግሪ በታች ሲወርድ ልብ ያለ ሥርዓት መንቀጥቀጥ፣ ማለትም ፋይብሪሌሽን፣ ይይዘዋል። ሐኪሙ የሚፈልገው ጸጥ ያለና ያልተጎዳ ልብ ነው። በ1955 በእንግሊዝ ዴኒስ ሜልሮዝ ወደ ሪንገር ትዝብት ተመልሶ ልብን በፖታሲየም ለማቆም ሞከረ። መጠኑ ከፍተኛ ስለነበር ጡንቻውን ጎዳ፤ ዘዴውም ለጊዜው ተተወ። በ1970ዎቹ በለንደን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታልና በሌሎችም ቦታዎች የአዮኖቹ መጠን ተስተካክሎ፣ ፈሳሹ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ወደ ልብ ደም ቅዳዎች መግባት ጀመረ። ካርዲዮፕሌጂያ የሚባለው ይህ ነው። ልቡ እንዲቆም የሚያደርገው በዋናነት ፖታሲየሙ ሲሆን፣ የቆመው ልብ እንዳይራብ የሚያደርገው ብርዱ ነው።

የዓሣው ልብ አሠራር

ሐኪሞች ብርድን በተግባር ሲጠቀሙ፣ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎች ደግሞ የሃርቪን ጥያቄ ከሕዋስ ውስጥ መፈለግ ቀጠሉ። የተገኘውን መልስ በአንድ የገጠር ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል።

የአጥቢ እንስሳ የልብ ሕዋስ በውስጡ የካልሲየም ጎተራ አለው። በእያንዳንዱ ምት የጎተራው በር ተከፍቶ ካልሲየም ይፈስሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ከዚያ ብዙ ኃይል የሚፈጁ ፓምፖች ካልሲየሙን ወደ ጎተራው ይመልሱታል፤ ጡንቻውም ይላላል። ለመኮማተር ከሚያስፈልገው ካልሲየም አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ጎተራ ነው። ይህ ሥርዓት እጅግ ፈጣን ነው፤ የጨቅላ ሕፃን ልብ በደቂቃ 140 ጊዜ እንዲመታ የሚያስችለውም እርሱ ነው። ሆኖም ሥርዓቱ የተቀመረው ለ37 ዲግሪ ነው። ብርድ ሲመጣ ፓምፖቹ ይዘገያሉ፤ የጎተራው በር ግን ከሚገባው በላይ ክፍት መሆን ይጀምራል። ሶዲየምን ከሕዋስ የሚያስወጣው ፓምፕም ስለሚደክም ሶዲየም በውስጥ ይከማቻል፤ ይህም የካልሲየምን መውጫ ያጠብባል። ሕዋሱ በካልሲየም ይጥለቀለቃል፤ ጡንቻው በሚገባ አይላላም፤ የኤሌክትሪክ መልእክቱም ከቦታ ቦታ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛል። ፋይብሪሌሽን የሚመጣው ከዚህ ነው።

የብዙ ዓሦች የልብ ሕዋስ ግን ቀጭንና ረጅም ነው። መሀሉ ከሽፋኑ ስለማይርቅ የሚያስፈልገውን ካልሲየም በአብዛኛው ከውጭ፣ በሽፋኑ በኩል ያስገባል። አጥቢው ከጎተራው ሲበላ፣ ዓሣው ዕለት ዕለት ከገበያ እየሸመተ ይኖራል ማለት ነው። ጎተራ የሚጠብቅ የበር ችግር አለበት፤ ሸማች ግን በዝግታ ቢሆንም አይራብም። ከዚህም በላይ በትራውት ዓሣ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ያለው ትንሽ ጎተራ ራሱ በብርድ ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም።

ሁለተኛው ልዩነት በፕሮቲኖች ላይ ነው። በልብ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየምን ተቀብሎ የመኮማተርን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ትሮፖኒን ሲ የተባለ ፕሮቲን ነው። ብርድ ይህን ፕሮቲን ለካልሲየም ያለውን ስሜት ይቀንስበታል። የትራውት ትሮፖኒን ሲ ግን ከአጥቢው በጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ ተለይቶ፣ በአንድ ዓይነት የሙቀት መጠን ሲመዘን ለካልሲየም የበለጠ ስሜት አለው። ብርዱ የሚቀንስበትን አስቀድሞ ጨምሮ ይዟል እንደማለት ነው። ሦስተኛው ልዩነት የሕዋስ ሽፋን ነው። ቅቤ በጠዋት ብርድ ሲረጋ የኑግ ዘይት እንደማይረጋ ሁሉ፣ ብርድ የለመደ ዓሣ የሽፋኑን ቅባት ወደማይረጋው ዓይነት ይለውጣል፤ በሽፋኑ ላይ ያሉት በሮችና ፓምፖችም መንቀሳቀሳቸውን ይቀጥላሉ። አራተኛው ደግሞ መጠን ነው። ትራውት በቀዝቃዛ ውሃ ለሳምንታት ሲቆይ ልቡ ከሰውነቱ አንጻር ይገዝፋል፤ ምቱ ስለቀነሰ በየምቱ የሚገፋውን ደም ይጨምራል።

ትራውት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል፤ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በዚያ ከፍታም ተራብቷል። ከቀዝቃዛ አገሮች የመጣው ካርፕም የላፍቶ ውሃ በሚደርስበት በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ከረጅም ጊዜ በፊት ተለቅቋል። የካርፕ ዘመድ የሆነው ክሩሺያን ካርፕ ልቡ ከብርድም አልፎ ኦክስጅን የሌለበትን ውሃ ይቋቋማል፤ በ2004 በታተመ ጥናት በ8 ዲግሪ ሙቀት ለአምስት ቀናት ያለ ኦክስጅን ቆይቶ ልቡ የሚገፋው የደም መጠን አልቀነሰም። በአንታርክቲካ ባሕር የሚኖረው የበረዶ ዓሣ ደግሞ ከዜሮ በታች ባለ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ኖርዌያዊው ዮሃን ሩድ በ1954 እንዳረጋገጠው ደሙ ሄሞግሎቢን የለውም፤ እጅግ ትልቅ በሆነ ልቡ ብዙ ደም በዝቅተኛ ግፊት ይገፋል።

ከዚህ ተነሥቶ «የዓሣ ልብ ብርድ ይችላል፤ የአጥቢ ልብ አይችልም» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ የሆነው ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። በአንጻሩ በበረዶ ወራት የሚተኙት እንደ ግራውንድሆግ ያሉ አጥቢዎች ልባቸው ከ10 ዲግሪ በታች ሳይቀር ይመታል፤ የካልሲየም ጎተራቸው ፓምፖች በብርድ አይሰንፉምና። ልዩነቱ የዓሣነትና የአጥቢነት ሳይሆን፣ ካልሲየምን በብርድ ውስጥ የማስተዳደር ችሎታ ነው። ሪንገር በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያገኘው ንጥረ ነገር የሃርቪን ጥያቄ መልስ ይዞ ኖሯል።

ከቤተ ሙከራ ወደ አዲስ አበባ

ይህ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ነው። በኢትዮጵያ የሩማቲክ የልብ ሕመም ዛሬም የብዙ ወጣቶችን የልብ ክዳን (ቫልቭ) ያበላሻል፤ ከልብ ጉድለት ጋር የሚወለዱ ሕፃናትም ብዙ ናቸው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቶ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ልብን ከፍቶ መሥራት በተቻለበት ቦታ ሁሉ የሃርቪ፣ የሪንገርና የቢግሎው ትምህርት በሥራ ላይ ይውላል። ቆሞ የሚጠብቀው ልብ በፖታሲየም ተኝቷል፤ በብርድ ተጠብቋል፤ ሥራው ሲያልቅ በሙቀት ይነቃል። ሃርቪ በርግቧ ልብ ላይ ያሳረፈው ሞቃት ጣት ዛሬ የማሞቂያ ማሽን ሆኗል።

ሁለተኛው በር የማዋለጃ ክፍል በር ነው። በኢትዮጵያ «ብርድ መታው» የሚለው አባባል ለብዙ ሕመም ምክንያት ሆኖ ይጠቀሳል። ዘመናዊ ሐኪም ይህን አባባል ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን አባባሉ እውነት ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ አለው፤ ሙቀት የሚያመነጭበት ቡናማ ስብ ገና አልተጠራቀመለትም፤ መንቀጥቀጥም አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት የአራስ ልጅ ሙቀት ከ36.5 በታች ሲሆን ቅዝቃዜ፣ ከ32 በታች ሲሆን ደግሞ ብርቱ ቅዝቃዜ ብሎ ይመድበዋል። ይህ ሕፃን እንደ ትራውት ለሳምንታት ብርድን የመለማመድ ዕድል የለውም፤ እንደ ግራውንድሆግም ፍጆታውን ቀንሶ መተኛት አይችልም። የአጥቢ ልብ ይዞ በዓሣ አየር ውስጥ የተወለደ ነው።

መፍትሔው ግን ውድ ማሽን ላይሆን ይችላል። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የተጀመረውና «የካንጋሮ እናት እንክብካቤ» የሚባለው ዘዴ፣ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ በሙቀቷ መጠበቅ ነው። ዘዴው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ ተጀመረ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ አካሂደው በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ገና በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን በእናታቸው ደረት ላይ ሲደረጉ የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት መካከል የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የእናት ደረት ነው።

ሁለቱ በሮች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወሊድ ጊዜ ታፍነው የተወለዱ ሕፃናትን አንጎል ለማዳን ሰውነታቸውን ለ72 ሰዓት ወደ 33.5 ዲግሪ ማቀዝቀዝ በባለጸጋ አገሮች የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ይኸው ሕክምና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች በ408 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 ሲታተም ግን ጥቅም አልተገኘበትም፤ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞተዋል። አንድ ዓይነት ብርድ በአንድ ቦታ አዳኝ፣ በሌላ ቦታ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መደምደሚያ

በ1999 በሰሜን ኖርዌይ አንዲት ሴት በበረዶ ሥር ውሃ ውስጥ ተይዛ የሰውነቷ ሙቀት እስከ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ልቧ ቆሟል። ሐኪሞች በልብና ሳንባ ማሽን ደሟን ለሰዓታት እያሞቁ ወደ ሕይወት መለሷት። ብርዱ ልቧን ቢያቆመውም አንጎሏን ጠብቆላት ነበር። ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች የቀዘቀዘን ሰው ሳያሞቁ «ሞቷል» እንዳይሉ ይመከራል።

የአራት መቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ብርድ በራሱ ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ ወሳኙ የሚያገኘው ልብ ካልሲየሙን እንዴት እንደሚያስተዳድርና ከጎኑ ማን እንደቆመ ነው። ዓሣው መሣሪያውን በሕዋሱ ውስጥ ይዞ ተወልዷል። የቀዶ ሕክምና ታካሚው ማሽንና የሠለጠነ ቡድን አለው። በላፍቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚወለደው ሕፃን ግን ያለው የእናቱ ደረትና ቴርሞሜትሩን አንሥቶ ማየት የማይረሳው የጤና ባለሙያ ነው።